የቀያሹ መኪና ለምን አልደርቅ አለች

እኔ በሰው መኪና ውስጥ ያየሁትን የንስሐ አባት እንኳ አይሰማም። ሰው ቤቱን እንግዳ ይመጣል ብሎ ይጠርጋል፤ መኪናውን ግን «ማን ሊያይብኝ» ብሎ ይተወዋል። የማየው እኔ ነበርኩ። ከወንበር ሥር የበቀለ ገብስ አይቻለሁ፤ ያውም ለምልሞ የቆመ። አንድ እግር ብቻ የሆነ የሴት ጫማ፣ ክረምቱን ሙሉ የተረሳ ድንች፣ ባለቤቱ በቤት ሠራተኛው ያሳበበበት የጋብቻ ቀለበት አግኝቻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ከኋላ ወንበር ሥር ብድግ ብላ ፊቴ ላይ ስትዘል የጮህኩት ጩኸት ግቢውን በሰው ሞላው።

ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስገፋ መደንገጥ አልለቀቀኝም። ባልደረቦቼ «የሺ ዛሬም ደነገጠች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የሰው ነገር ካላስደነገጠኝማ ምኑን ኖርኩት?

ጡረታ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁ። ወረቀቱን ለማስጨረስ የተመላለስኩትን አልተርክም፤ ያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዕር ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው። በቅርቡ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ላቫጆ በር ሳልፍ አንድ ሰውዬ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ይዞ ቆሟል። «ውስጧ እምክ እምክ ይላል፤ ምን ይሻላል?» ይላል። የላቫጆው ሰው በሩን ከፈተ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ሽቶ ነፋበት፣ መስታወቱ ላይ የሚሸት ካርቶን አንጠለጠለና «አለቀ፤ ውሰዳት» አለው። ሰውዬውም ደስ ብሎት አመስግኖ ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር ደርቄ ቀረሁ። ምንጣፉን አልገለጠውም፤ እጁን እንኳ አላሳረፈበትም። ያ መኪና ውስጥ ልጅ ይኖር ይሆናል፣ ደረቷ የደከመ እናት ትኖር ይሆናል። እቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሉማሜ ነው። መንገድ የሚሠራ አንድ ድርጅት እዚያ ካምፕ ነበረው፤ መኪና አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ ሳሙና የሚገዛ አልነበረም። አለቃችን ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነበር። መኪናም እንደ ጫማው ከውጭ ካብለጨለጨለት ይበቃዋል። በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት አንድም ቀን አላየሁትም። እኔም ልጅ ነበርኩና ሥራ ማለት ማብለጭለጭ መሰለኝ።

ከዚያ ሮብ ገበያ ሄድኩ፤ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት። የዚያ አገር ብርድ ሌላ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት መኪኖቹን ሸፍኗቸው ይገኛል። ባለሙያዎቹ ከገጠር ሲመለሱ ጭቃውን በጫማቸው፣ ዝናቡን በካፖርታቸው ይዘው ይገቡና መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሰኞ ስከፍተው የወንበሩ ቀበቶ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አውሬ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ሽታ ማለት ቆሻሻ ነው ብዬ ስለማምን ውሃ በባልዲ እደፋበታለሁ፤ በዱቄት ሳሙና እፈትገዋለሁ። ያን ዕለት ሳሙና ሳሙና ይላል፤ በሳምንቱ ብሶበት ይጠብቀኛል። ሾፌሮቹ «የሺ ስታጥበው ነው የሚሸተው» እያሉ አሙኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ግን ስድብ መስሎኝ ተኳርፈን ከረምን።

የሚሉትን የተረዳሁት ደብረ ማርቆስ ገብቼ ከየኔታ አስማረ ጋር መሥራት ስጀምር ነው። የኔታ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስማቸው ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ አካባቢ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዜማው አልገባ ሲላቸው ብራና ፋቂ መነኩሴ ዘንድ ተጠግተው ቆዳ መወጠርና መፋቅ ተማሩ። በኋላ ኑሮ ወደ ከተማ አወጣቸውና የፍየሉን ቆዳ ትተው የመኪናውን ያዙ። ስለ ሻጋታ የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት ግን ከብራናው ነው። ያልደረቀ ብራና ቃሉን ይበላዋል ይሉ ነበር።

ልማዳቸው ብዙ ነው። መኪና የሚያሸቱበት ቀን ሽንኩርት የነካው ነገር አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ከመጣሁ ቀኑን ሙሉ ውጭ ስፌት ላይ ያስቀምጡኛል እንጂ መኪናው አጠገብ አያስደርሱኝም። የመጣውን መኪና ፀሐይ ላይ አስቁመው በሩንም መስኮቱንም ያዘጋሉ። ውስጡ ሲግል ብቻቸውን ገብተው በሩን ከውስጥ ዘግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለ መኪናው ላባቸውን በመስታወት እያየ «ሰውዬው ምን ሆኑ?» ይለኛል። የኔታ ግን ቸኩለው አይወጡም። ሲወጡ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን ያወልቁና ደግሞ ይገባሉ፤ በባዶ እግራቸው ምንጣፉን ከፊት እስከ ኋላ ይረግጡታል። እርጥበት ከላይ ደርቆ ከሥር ሲቀር እጅ አያገኘውም፤ እግር ግን ቅዝቃዜውን ያውቀዋል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ ውሃው በየት ገባ? የበሩ ጎማ ላልቶ ይሆናል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለችው የውሃ መውረጃ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍና ይሆናል። የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ውጭ መውረዱን ትቶ ወደ ውስጥ ይወርድ ይሆናል። ውሃው የገባበት ሳይታወቅ የመኪናውን አንድ ብሎን አያስፈቱኝም ነበር። እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው ይቆጡኛል።

የውሃው መንገድ ሲገኝ ወንበሮቹ ተፈትተው ይወጣሉ። ሞኬቱ ይገለጣል፤ ከሞኬቱ ሥር ደግሞ ጥጥ የመሰለ ወፍራም ንጣፍ አለ። ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ያ ንጣፍ ውሃ ከጠጣ በኋላ አይለቅም። ሞኬቱ ከላይ ደርቆ፣ ተቦርሾ፣ አምሮ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ይበሰብሳል። የኔታ ውሃ በባልዲ ማየት አይወዱም። ለብ ባለ ውሃ ላይ አቼቶ ጠብ አድርገው፣ ጨርቅ ነክረው፣ እስኪበቃው ጨምቀው ነው የሚያብሱት። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው አውጥተው ሁለቱንም ፊት ያጸዱታል። ከዚያ ነፋስና ፀሐይ። መድረቁን በእጃቸው አያምኑም፤ ንጣፉን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል። እኔ «ደርቋል» ያልኩትን በጉንጫቸው «አልደረቀም» ብለው መልሰው የሰቀሉበት ቀን አይቆጠርም። በመጨረሻ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው ከየወንበሩ ሥር ያኖራሉ፤ ከሰሉ የቀረውን ሽታ ይስባል። ሽቶ ግን በአጠገባቸው አያልፍም። ለሻጋታ ሽቶ መንፋት ባልታጠበ ገላ ላይ አዲስ ቀሚስ መልበስ ነው ብለው አንዷን ደንበኛ እስከ ማስኮረፍ ደርሰዋል።

እንዲህ ያሉ ሰው በሥራቸው ሲሸነፉ ያየሁት አንዴ ነው።

ጌትነት የሚባል ቀያሽ ነበር። ሚስቱ ሰብለ መምህርት ናት። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረች ህሊና የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። አስም አለባት። የማርቆስ የጠዋት ብርድ ሲነካት ደረቷ ያፏጫል፤ ትምህርት ቤት ሳትደርስ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ጌትነት አዲስ አበባ ወርዶ ያገለገለች ትንሽ ነጭ መኪና የገዛው ለዚህ ነው። ልጄ ብርድ ሳያገኛት ትመላለስ ብሎ ነው።

እቤታቸው የጌትነት እናት እማሆይ ጥሩነሽም አሉ። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከልጃቸው ጋር የተቀመጡ ናቸው። ኪዳን ሳያደርሱ የማይውሉ፣ ሰው የማይፈሩ፣ ለህሊና ግን የሚንሰፈሰፉ ሴት ነበሩ። ልጅቷ በሳለች ቁጥር እሳቸው እህል አይወርድላቸውም።

መኪናዋ በበጋ ስትገዛ ደረቅ ነበረች። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ መሽተት ጀመረች። ጌትነት እኛ ጋ ያመጣት ግንቦት ላይ ነው። የኔታ እንደ ልማዳቸው ተዘግተው ቆይተው ወጡና ሻጋታ እንደሆነ፣ ግን ገና ልጅ እንደሆነ ተናገሩ። እግራቸው ቅዝቃዜውን ያገኘው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ከመስታወቱ ሥር ያለችውን መውረጃ ስንከፍታት በእፍኝ የሚዘገን የበሰበሰ ቅጠል ወጣ። ጠረግን፣ ውሃ አፍስሰን መውረዱን አየን፣ ንጣፉን አደረቅን። የኔታ በጉንጫቸው አረጋግጠው «ንጹሕ ናት» ብለው ሰጡት። ጌትነትም መርቆን ሄደ።

ሐምሌ ላይ ተመልሶ መጣ። ሽታው አገርሽቶበታል። የኔታ አላመኑም። ገብተው ሲረግጡ ከፊት ደረቅ ነው፤ አሁን የቀዘቀዘው ከኋላ በግራ በኩል ነው። የበሩን ጎማ ቀየርን፤ ንጣፉንም ጣልነውና አዲስ ቆረጥንለት። ሞኬቱ ግን በዚያ ክረምት የት ይደርቃል? ፀሐይ የሚባል ነገር ከጠፋ ሰንብቷል። ጎረቤታችን የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ከምድጃው ጀርባ ያለውን የእንጨት ማከማቻ ፈቀደልንና እዚያ ሰቀልነው። መኪናዋ ለተወሰኑ ቀናት ዳቦ ዳቦ ትል ነበር፤ ህሊና በጣም ወደደችው አሉ። የኔታ ሁለተኛ «ንጹሕ ናት» ብለው ሰጡ።

በዚህ መሃል ሰፈሩ የራሱን ወሬ ጀምሯል። ሻጩ ሬሳ የጫነባት ናት አሉ። ሰው የሞተባት ናት አሉ። ሰብለ የተማረች ሴት ናት፤ ግን ሰው ሲደጋግመው መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ይዘገንናት ጀመር። እማሆይ አንድ ቀን በትራቸውን ይዘው ሱቃችን ድረስ መጡና ሽታው የእሱ፣ የዚያ ክፉ መንፈስ እንደሆነ የኔታን ጠየቁ። የኔታ ሬሳ ቢጫንባትም ሬሳ ውሃ አይደለም ብለው መለሱላቸው። እማሆይ መልሱ አልጣማቸውም፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንድ ጠዋት ጌትነት መኪናዋን በራችን ላይ አቁሞ ወረደ። ፊቱን ሳይ ሰው የሞተበት መሰለኝ። ከሁለት ቀን በፊት ህሊናን ትምህርት ቤት ሲያደርስ መንገድ ላይ ትንፋሿ ተቆረጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። ዞር ብሎ ሲያያት ዓይኗ ተገልጦ አፏን እንደ ዓሣ ትከፍታለች እንጂ አየር አይገባም። ሆስፒታል እንዴት እንደ ደረሰ አያውቀውም። ኦክስጅን ሰጥተው መለሷት። ሐኪሙ የምትውልበትን ቦታ ሁሉ ጠይቆት የመኪናዋን ሽታ ሲነግረው ሻጋታው ሊሆን እንደሚችል፣ ከየት እንደሚመጣ ሳያገኝ ልጅቷን ዳግም እንዳያሳፍራት አስጠነቀቀው።

ጌትነት «የኔታ፣ ሁለቴ ንጹሕ ናት አሉኝ። አምኜዎት ልጄን አስቀመጥኩባት» አለ።

አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለ ነበር። የኔታ አንድ የተፈታ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የሰውን መኪና አጸዳለሁ እንጂ የሰው ልጅ ነፍስ በእጄ ላይ እንዳለ አስቤ አላውቅም።

ሲረጋጉ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ወዲያው ወጡ። «እርጥብ ነው» አሉኝ በቀስታ፤ «እንደ ሐምሌው ከኋላ በግራ፣ ህሊና እምትቀመጥበት ሥር።»

ዝናብ በሌለበት አገር እርጥብ። ማቀዝቀዣው ከተዘጋ ወራት አልፎታል። ጎማው አዲስ ነው። መውረጃዋን አየናት፣ ንጹሕ ናት። የኔታ ለረጅም ጊዜ መኪናዋን ዙሪያዋን እያዩ ቆሙ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አዘዙኝ፤ ንጣፉን አታውጪው አሉኝ። ደረቅ ነጭ ጨርቅ አጥፈን ከሞኬቱ ሥር፣ ከንጣፉ በላይ አደረግን። ለጌትነት መኪናዋን ወስዶ ግቢው እንዲያቆማት፣ ማንም እንዳይገባባት፣ ልጅቷም በባጃጅ እንድትመላለስ ነገሩት። እኔን ደግሞ ነገ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ጨርቁን እንዳይ አዘዙኝ። ከሰማይ ካልመጣ ከምድር ነው የሚመጣው አሉ።

በማግሥቱ የጌትነት ቤት ስደርስ ገና ብርሃኑ አልጠራም። እማሆይ ከኪዳን ተመልሰው ኖሮ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ድምፅ ላሰማ ስል የመኪናዋ የኋላ በር ተከፍቶ አየሁ። ከበሩ የሚታየው የእማሆይ ጀርባ ነው። ጎንበስ ብለው በለሆሳስ እየጸለዩ፣ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ውሃ ያፈስሳሉ። መርጨት አይደለም፤ ማፍሰስ ነው። ከወንበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ልጅቷ እግሯን በምታሳርፍበት ቦታ ላይ። ሲያልቅ ጀሪካኑን ገልብጠው የመጨረሻዋን ጠብታ አራገፉ፣ አማተቡ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ከቤት ውስጥ ሚስማሩ ላይ ሊሰቅሉ ገቡ።

ጸበል ነበር።

ከአጥሩ ጋር ተጣብቄ ቀረሁ። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። መጀመሪያ ሽታውን ያመጣው ቅጠሉ ነው፤ እሳቸው ግን የክፉ መንፈስ መስሏቸው ጸበል አፈሰሱበት። የፈሰሰው ንጣፉ ውስጥ ገባ፤ ሸተተ። ሲሸት ጨመሩ። ሲጨምሩ ባሰው። እኛ ስናደርቅ እሳቸው ያረጥባሉ። ልጅቷ ስትታፈን ደግሞ ጭራሽ ጀሪካኑን ገለበጡት። የሚወዷትን ልጅ ሊያድኑ፣ በዚያ ብርድ ከምንጩ ተሸክመው በየጠዋቱ።

ለማን ልናገር? ለጌትነት ብነግረው በእናቱ ላይ የሚያደርገውን አላውቅም። ሮጬ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እሳቸው ራሳቸው በተማሪ ቤት ሳሉ ታመው በጸበል የተነሡ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን አነሡ። ልጃቸው ሳይሰማ እኛ እንነግራቸዋለን አሉ።

ረፋዱ ላይ ስንደርስ እማሆይ ብቻቸውን ነበሩ። የኔታ እጅ ነስተው ተቀመጡና መኪናዋን ጸበል ሲረጯት እንደ ነበር ማወቃቸውን በለዘበ ቃል ነገሯቸው። እማሆይ አልካዱም፤ ምን የሚያስክድ ነገር አለ? የኔታ የማያስከፋ መንገድ ይፈልጉ ነበር።

«እማሆይ፣ ጸበል በእግር ይረገጣል እንዴ?» አሏቸው።

«አይረገጥም። ለዚያ እኮ ነው ጫማዋን አስወልቄ የማስገባት» አሉ እማሆይ።

የኔታ መንገዱ ተዘጋባቸው። ከዚያ ተነሥተው «ይምጡ፣ ላሳይዎት» አሉና መኪናዋ ዘንድ ወሰዷቸው። ወንበሩን ፈታሁ። ሞኬቱን ገለጥኩት። ትናንት ያኖርነው ነጭ ጨርቅ ተነክሮ ጠቁሯል። ከሱ ሥር ያለው ንጣፍ ሐምሌ ላይ አዲስ የቆረጥነው ነው፤ አሁን ግን በአረንጓዴና በጥቁር ተሸፍኗል፤ አንዳንድ ቦታ ጸጉር አብቅሏል። ሽታው እኔን እንኳ ወደ ኋላ መለሰኝ።

«ጸበሉ ነው የሸተተው ሊሉኝ ነው?» አሉ እማሆይ። ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ጸበሉ አልሸተተም እማሆይ። የሸተተው ጨርቁ ነው። ሳይደርቅ ውሃ ተደረበበት። ብራናም እንዲሁ ነው፤ ወንጌል የተጻፈበትም ቢሆን ከረጠበ ይሻግታል። ቃሉ አይደለም የሚሻግተው፤ ቆዳው ነው።»

እማሆይ በበሩ ተደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ልከለክላቸው እጄን ስዘረጋ የኔታ በዓይናቸው አስቆሙኝ። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ንጣፉ ዝቅ አድርገው ባላቸው አቅም ሁሉ ወደ ውስጥ ሳቡ። ሳሉ። እንባቸው እስኪወርድ ሳሉና ቀና አሉ።

«ይሄን ነው ስትምገው የከረመችው?» አሉ።

የኔታ እጃቸውን ይዘው አስነሧቸው።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ደረቀች፤ አዲስ ንጣፍ ገባላት፤ ሁለተኛ አልሸተተችም። ህሊና አሁንም መድኃኒቷን ትይዛለች፤ ግን እንደዚያ ጠዋት ያለ ነገር ደግሞ አልደረሰባትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው እንዳይጨነቅ ነው። እኔ የማልረሳው ግን የዚያኑ ቀን የቀረውን ነው።

ንጣፉን ወደ ቆሻሻ ልወስደው ስጠቀልለው እማሆይ ያዙኝ። ጸበል የፈሰሰበት ነገር ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ አስፈቅጄ ከአጥሩ ሥር እቀብረዋለሁ አሉ። ገመድ አምጡ አሉ። የኔታ እኔ ልሸከመው ብለው ለመኗቸው። «ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አሏቸውና እንቢ አሉ። ያን ውሃ የጠጣ፣ የከበደ፣ የሚሸት ነገር በዚያ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ አስረው፣ በትራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲራመዱ ባጃጅ መጥታ ቆመች። ጌትነት ህሊናን ከትምህርት ቤት ይዟት ለምሳ መምጣቱ ነው።

እናቱን ከነሸክማቸው አይቶ ደነገጠ። እኛንም አየ፤ የተከፈተችውን መኪናም አየ። ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። የኔታ ነገሩን ለማለዘብ አፋቸውን ሲከፍቱ እማሆይ ቀደሟቸው።

«ጌትነት፣ እናንተ ሰማይ ሰማዩን ስታዩ ከረማችሁ። ውሃውን የማፈስሰው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ፣ ጸበል» አሉ።

የጌትነት ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። ምን ሊል እንደ ነበር ዛሬም አላውቅም፤ ምክንያቱም ህሊና ከኋላው ሱሪውን ያዘችው።

«አባዬ፣ እማሆይን አትቆጣቸው» አለች። ከባጃጇ እስከ በሩ ሮጣ ስለ ነበር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «እኔ አውቅ ነበር። ካልሲዬ ይርስ ነበር። ትምህርት ቤት ስደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። እንዳትቆጣቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጌትነት ባለበት ቆመ። የኔታ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እማሆይ ሸክማቸውን ሳያወርዱ እዚያው በሩ ላይ መሬት ቁጭ አሉ፤ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።